ሦስተኛ የወጣው ጽሑፍ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ግድም፣ ጎረቤላ ላይ የእጅ ሥራ አስተማሪ ሆኜ ሳገለግል ነው። ወሩ ታኅሣሥ፣ ጾሙም የነቢያት ነበር። ያ ጾም በገባ ቁጥር ነገሩ ይመጣብኛል። ለመጽሔት ስጽፍ የመጀመሪያዬ ስለሆነ አጻጻፌ ቢያንስ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። የምጽፍበት ምክንያት አለኝ፤ እሱን ወደ መጨረሻው እናገራለሁ።

አገሬ ላስታ ነው። ከወልድያ በበቅሎ ብዙ መንገድ የሚያስኬድ ገጠር። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና ገና ልጅ ሳለሁ ዐረፉ። እኔ አዲስ አበባ ተምሬ የመንግሥት ሥራ ስይዝ የተመደብኩት አንኮበር ወረዳ፣ ጎረቤላ ሆነ። ለእናቴ የምጽፈው ደብዳቤ ወልድያ ሱቅ በነበረው አጎቴ እጅ ያልፍ ነበር። አጎቴ ሱቁን ዘግቶ ወደ አሰብ መሄዱን ግን የነገረኝ የለም። መልስ ሲጠፋ የመንገዱ ርቀት ነው እያልኩ መጻፌን ቀጠልኩ።

ከቤት ስወጣ የያዝኩት ዋና ነገር አንድ ጋቢ ነበር። ፈትሉን የፈተለችው እናቴ ናት፤ የሸመነው ጎረቤታችን አያ ሁሴን ነው። ጥለቱን ሲያስገባ ቀዩ ፈትል አለቀበት። እኔ በማግስቱ መንገደኛ ስለነበርኩ ገበያ እስኪውል መጠበቅ አልተቻለም። ስለዚህ አንዱን ጫፍ በአረንጓዴ ጨረሰው። እናቴ ስትቆጣው፣ «ተይ እንጂ ዘውድዬ፣ ብትጠፋብን በዚህ እናገኛታለን» ብሎ ሳቀባት። እኔም ሳቅሁ።

የአንኮበርን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ያ ጋቢ ቤቴም ዘመዴም ነበር።

ከጎረቤላ ቁልቁል፣ ወደ አልዩ አምባ ገበያ በሚወርደው መንገድ ዳር አንድ ጠበል አለ። በሰንበት ከቅዳሴ መልስ እየወረድኩ አቅም ላጡ በሽተኞች ውኃ አቀብል ነበር። ነገሩ ከመድረሱ በፊት በነበረው ጥር፣ ከጥምቀት ወዲህ፣ እዚያ አንዲት ሴት አገኘሁ። ብቻዋን ነበረች። እድሜዋ ከእኔ አይበልጥም። ስሟን ብጠይቃት የክርስትና ስሟን ወለተ ሥላሴ ብላ ነገረችኝ። «የዓለም ስምሽስ?» ብላት፣ «እሱን ቤቴ ትቼው መጣሁ» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልጎተጎትኳትም። የታመመን ሰው ማን ይመረምራል።

በሚቀጥለው እሁድ ስወርድ ቄሱ አጠገቧ ነበሩ። ከመምሸቱ በፊት እጄን እንደያዘች ዐረፈች። መገነዣ የሚሆን ጨርቅ ተፈለገ፤ ጠፋ። ያሉት ሁሉ እንደሷ ድኾች ነበሩ። ጋቢዬን ከትከሻዬ አውርጄ ሰጠሁ። ይህን ለውዳሴ አልናገረውም፤ ያለዚህ የሚቀጥለው ስለማይገባ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ለአስተማሪዎች ስብሰባ ደብረ ብርሃን እንድሄድ ታዝዤ ስለነበር ጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ቀብሯ ላይ አልተገኘሁም። አፈር ሳላለብሳት መቅረቴ ከነከነኝ እንጂ ሌላ ነገር በልቤ አልነበረም።

ክረምት አለፈ፣ ዓመቱ ተለወጠ፣ ጾም ገባ።

የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር አቶ ወርቅነህ ጽሑፍ የሚወዱ ሰው ናቸው። አንድ መጽሔት «እውነተኛ ገጠመኛችሁን ጽፋችሁ ተወዳደሩ» ብሎ ባወጀ ጊዜ እሳቸውም ልከው ነበር። ከዚያ ወዲህ ፖስታ የያዘ ሰው ከደብረ ብርሃን መጣ በተባለ ቁጥር ክፍል ጥለው ይወጡ ነበር። በዚያች ቀን መጽሔቱ በእረፍት ሰዓት ደረሰ። እኔ አስተማሪዎች ክፍል ተቀምጬ ለልጆቹ ማሳያ የሚሆን ካልሲ እሠራለሁ።

«እህስ ጌታዬ፣ ስንተኛ ወጡ?» አለ የሂሳብ አስተማሪው ታደሰ።

አቶ ወርቅነህ የአሸናፊዎቹን ገጽ ገለጡ። መልሰው ገለጡት።

«እነዚህ ሰዎች ስም ይዘላሉ» አሉ።

«አራተኛ የለውም እንዴ?»

«አንተ ጠመኔህን ቁጠር።» መነጽራቸውን አስተካከሉ። «አንደኛው የፍቅር ነው፤ ይሁን። ሁለተኛው ወታደር ነው፤ ወታደር ገጠመኝ አያጣም። ሦስተኛው ግን ተማሪ! የደሴ ተማሪ! ‹የእህቴ ተዝካር› ይላል። እስቲ ይህ ልጅ በምን እንደበለጠኝ ስሙልኝ።»

ድምፃቸውን እንደ ልጅ አቅጥነው ማንበብ ጀመሩ።

«‹ባለፈው የካቲት፣ ጎህ ሳይቀድ ውሻችን ጮኸ። እናቴ፣ በዚህ ሰዓት የሚመጣ መርዶ ነው አለች።›» ቆም አሉ። «ይህ አጀማመር ነው? ውሻ የማይጮኽበት ሌሊት አለ?»

«ያንብቡት ጌታዬ፤ ቅናቱን ከእረፍት በኋላ ያደርሱታል» አለ ታደሰ።

ቀጠሉ። ጽሑፉ ሽማግሌዎች ሸማኔውን ጎረቤት ይዘው እንደገቡ ይናገራል። ሸማኔው ለጥጥ ግዢ ወደ ሸዋ ወርዶ ነበር። አልዩ አምባ ገበያ ሲሄድ መንገድ ላይ የጥቂት ሰዎች ቀብር አጋጠመው። እንደ ወጉ ጥቂት ልሸኝ ብሎ ሲጠጋ አስከሬኑ የተጠቀለለበት ጋቢ የገዛ እጁ ሥራ ሆኖ አገኘው። ማን ናት ብሎ ቢጠይቅ፣ የሩቅ አገር ሰው ናት፣ ዘመድ የላትም አሉት።

መርፌው እጄ ላይ ቆመ። አልዩ አምባ የሚለው ስም ነው ያቆመው። ግን አሁንም ስለ ሌላ ሰው የሚነበብ መሰለኝ።

«ውሸት» አለ ታደሰ። «ጋቢ ሁሉ ጋቢ ነው። ሸማኔ ስንቱን ሠርቶ ስንቱን ያስታውሳል?»

አቶ ወርቅነህ ደስ አላቸው። «እኔስ ምን አልኩ? እውነተኛ ብለው አውጀው ፈጠራ ይሸልማሉ።»

«ይለያል» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሳልጠየቅ የምናገር ሰው አልነበርኩም።

«አንዱ ጫፍ አረንጓዴ ነው ይላል?» አልኩ።

አቶ ወርቅነህ ወደ ገጹ ጎንበስ አሉ። በጣታቸው መስመር መስመሩን ወረዱ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወይዘሪት አስካለ፣ ይህን መጽሔት ቀድመሽ አይተሽዋል?»

«አላየሁትም።»

«‹አንዱ ጫፍ ቀይ፣ አንዱ ጫፍ አረንጓዴ› ይላል።»

የቀረውን ቆሜ ሰማሁት። ማን አስነስቶ እንዳቆመኝ አላውቅም። አቶ ወርቅነህም ያን የልጅ ድምፅ ትተው በራሳቸው ድምፅ ቀስ ብለው አነበቡ። እናቴ ፀጉሯን ተላጭታ ነጠላዋን ቀዳ ደረቷን መትታለች። ደብሩ ፍትሐት አድርጎልኛል። በአርባዬ ተዝካሬ ወጥቷል፤ ጎረቤት በልቶ ነፍስ ይማር ብሎ ሄዷል። እናቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዝርት አልነካችም። ልጁ በመጨረሻ የጻፈውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «እናቴ በመጪው ጥር የእህቴን ሙት ዓመት አውጥታ ቤቷን ልትዘጋ ነው። ቆብ ጭና ወደ ማትመለስበት ገዳም ትሄዳለች። ስሙን ለኔም አልነገረችኝም። እኔም እታበባ ብዬ የምጠራው ሰው አይኖረኝም።»

እታበባ የሚለኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። ታናሽ ወንድሜ ጌጡ። ትቼው ስወጣ ገና ዳዊት ይደግም ነበር።

«እታበባ ያለው እኔን ነው» አልኩ።

ታደሰ ጠመኔውን እንደያዘ ተነስቶ ከአጠገቤ ራቀ። በኋላ ሲሳቅበት፣ «ምን ላድርግ፣ ከሙት ጋር ስጨዋወት መክረሜ ነዋ» ይል ነበር። በዚያ ሰዓት ግን ማንም አልሳቀም። እኔም አላለቀስኩም። ማተቤን ይዤ ቆሜ አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር። ይህን ሁሉ ወር በአገሬ ደብር ስሜ ከሙታን ጋር ሲጠራ፣ እኔ እዚህ ቆሜ አስቀድስ ነበር። ሰው የዘመዱን ሞት ከሩቅ ሰምቶ ይደነግጣል። የራሱን ሲሰማ ምን እንደሚሆን ማንም አላስተማረኝም።

ከዚያ ድንጋጤው ዞሮ ሌላ ሆነ። ጥር ሊገባ ነው። እናቴ ቤቷን ከዘጋች በየትኛው ገዳም ፈልጌ አገኛታለሁ? ምንኩስና መልካም ነው፤ አልጠላውም። ነገር ግን በሐሰት መርዶ ልጄ ሞታለች ብላ ከዓለም እንድትወጣ እንዴት ልተዋት?

አቶ ወርቅነህ የበላይ ሳያስፈቅዱ ፈቃድ ሰጡኝ። «ከጠየቁ እኔ ልጠየቅ» አሉ። መጽሔቱንም አጥፈው ሰጡኝ። «ያንን ልጅ ስታገኚው፣ አንድ የተሸነፈ ሰው እጅ ነስቶሃል በይልኝ።»

ደብረ ብርሃን ደርሼ በማግስቱ የደሴ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ጣርማበርን በጉም ስናልፍ ተሳፋሪው ሁሉ ተኝቷል፤ እኔ ብቻ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ፤ የቱ ጋ እንደደረስኩ እየጠፋብኝ ደግሜ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ደሴ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ጌጡን አስጠራሁት። ረዥም ጎረምሳ መጣ። እጅ ነስቶኝ፣ የጠራውን ሰው ፍለጋ ዙሪያውን ያይ ጀመር። አስቤ የመጣሁት ሁሉ ተረሳኝና፣

«ሽልማቱን ሰጡህ?» አልኩት።

ድምፄን ሲሰማ ዞረ። ፊቱ አመድ መሰለ። መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ወደቀ አልልም፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«እታበባ።»

«አቤት።»

ከዚያ ቀጥሎ የተናገረው ይህን ነው፦ «እንግዲያው ዋሽቻለሁ። እውነተኛ ገጠመኝ ነው የተባለው። የሸለሙኝን መጻሕፍት መልስ ይሉኛል።»

ያን ጊዜ ነው ሁለታችንም አልቅሰን የሳቅነው። መንገደኛው ቆሞ ያየን ነበር።

ወልድያ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ ለገና ወደ ላሊበላ ከሚጎርፈው ምዕመን ጋር ሄድን። ሰፈራችን ስንደርስ ጌጡ በቀጥታ ልግባ አለ። እኔ ፈራሁ። እናቴ ልቧ ደካማ ነው። መጀመሪያ ወደ አያ ሁሴን ቤት ወሰድኩት።

አያ ሁሴን እግሮቹን የሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ከቶ ይሸምን ነበር። ቀና ብሎ ሲያየኝ መወርወሪያው ከእጁ ወደቀ።

«አዑዙ ቢላሂ» አለ። ደገመው። ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል እጁ ፈትሉን ይዳብሳል።

«አያ ሁሴን፣ አስካለ ነኝ። አልሞትኩም። ጋቢውን ለሞተች ሴት ሰጥቼው ነው።»

ጌጡ ውኃ አመጣለት፤ አልጠጣም።

«ፊቷን አላየሁም» አለ በመጨረሻ። «ሥራዬን አይቼ መሰከርኩ። የሰው ሴት አስከሬን ፊት ገልጬ ማየት ለእኔ ወግ አይደለም፤ እኔ ባዕድ ወንድ ነኝ። የጋቢውን ጫፍ ሳምሁና ተመለስኩ። ይህን ሁሉ መንገድ እያለቀስኩ መጣሁ እኮ።»

«ማን ይወቅስሃል አያ።»

«እኔ።» ከጉድጓዱ ወጣ። «መርዶውን ያገባሁት እኔ ነኝ፤ የምሥራቹንም የማገባው እኔ ነኝ። እናንተ ከኋላዬ ሁኑ። ግን አሁን አይደለም። መርዶ ነው በጎህ የሚሄደው። የምሥራች ፀሐይ ይሙቀው።»

ያን ሌሊት እሱ ቤት አደርን። ረፋድ ላይ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ከፊት ቀደመ። እኔ ከአጥሩ ጀርባ ቆምኩ።

እናቴ ደጅ ብቅል ታሰጣ ነበር። የእኔ ሙት ዓመት ጠላ የሚጠመቅበት ብቅል ነው። ፀጉሯ ገና አጭር ነው፤ ትከሻዋ አልቋል።

«የምሥራች፣ ዘውድዬ» አላት።

ቀና አላለችም። «ለእኔ ደግሞ ምን የምሥራች አለ? ጥጥ ረከሰ?»

«ምሥር ብላ በይኝ።»

«በል ምሥር ብላ። ተናገር።»

«ጋቢው የእኔ ሥራ ነው፤ ፈትሉም ያንቺ ነው። ውስጡ የነበረችው ግን ያንቺ ልጅ አይደለችም።»

እጇ ብቅሉ ውስጥ ቀረ።

«ማን አለ?»

«ራሷ።»

ከአጥሩ ጀርባ ወጣሁ። እናቴ አልጮኸችም። ተነስታ መጣች፤ አላቀፈችኝም። ራሴን ይዛ ወደ ጎን አዘነበለችው፤ ከግራ ጆሮዬ ጀርባ፣ በልጅነቴ ፍም ያቃጠለኝን ቦታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ደጋግማ ዳሰሰችው። ብቅሉ ከጣቷ ወደ አንገቴ ሲወርድ ይሰማኛል።

«ጋቢዬን ለማን ሰጠሽው?»

«ለማላውቃት።»

«ስትሞት ማን ነበራት?»

«እኔና ቄሱ ብቻ።»

«እናት አላት?»

«አለችኝ ብላኝ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው እናቴ ያለቀሰችው። መጀመሪያ ለእኔ ደስታ መስሎኝ ነበር። ኋላ ስሰማት ግን የምታለቅሰው ለዚያች ሴት እናት ነው።

ምሽቱን የደብሩ ቄስ መጡ። በመስቀላቸው ባርከውኝ፣ ቆመው አዩኝና ተቀመጡ።

«እንግዲህ ሙት ዓመቱ ቀርቷል። ሰው ቆሞ እየሄደ ሙት ዓመት አይወጣለትም» አሉ።

«አባ» አለች እናቴ፣ «ብቅሉ ደርቋል፤ ጌሾውም ተወቅጧል። የሞተችም አለች። ያለቀስኩላት፣ ተዝካር ያወጣሁላት እሷ ናት እንጂ ሌላ ማን ናት? ስሟን ብቻ እናቅናው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ወለተ ሥላሴ ናት» አልኩ።

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እስከ ዛሬ በአንቺ የክርስትና ስም፣ በወለተ ማርያም ስንጠራት የሰማ አምላክ ለማን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ጸሎት መንገድ አይስትም።»

እናም ጥር ላይ ሙት ዓመቱ ወጣ። እኔ በራሴ ስም በተጠነሰሰ ድግስ ላይ ጠላ ቀዳሁ፤ ወጥ አወጣሁ። አንዳንዱ ሰው ከእጄ ሲቀበል ያማትብ ነበር። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ክንዴን ቆንጥጠው ሥጋ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣

«ልጄ፣ ለመሆኑ እዚያ እንዴት ነው?» አሉኝ።

እኔም አንኮበርን የጠየቁኝ መስሎኝ፣ «ብርድ ነው እማማ» አልኳቸው። ደንግጠው ጠላቸውን አስቀመጡ። ጌጡ እስከ ዛሬ ይህን እያነሳ ይስቃል።

እናቴ ገዳም አልሄደችም። «ቆቡ ይቆየኝ» አለች። እንዝርቷን ከጣሪያው አውርዳ ሌላ ጋቢ ፈተለችልኝ። አያ ሁሴን ሁለቱንም ጫፍ በቀይ ጨረሰው። «ምልክት በቃኝ» አለኝ ሲሰጠኝ።

አሁን ጎረቤላ ተመልሼ እሠራለሁ። ደብዳቤዬም በጌጡ በኩል ይደርሳል። በሕይወት መኖሬ ዛሬም አንዳንዴ ያስደነግጠኛል፤ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምር ድንገት ያ አረንጓዴ ጫፍ ይታየኛል። ሰው በሌላ ሰው ሞት ውስጥ ገብቶ እንዲህ ቆይቶ መውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ ወዲህ መጽሔት ባገኘሁ ቁጥር አስቀድሜ የምገልጠው የአሸናፊዎቹን ገጽ ነው። አቶ ወርቅነህ ልወዳደር የምፈልግ እየመሰላቸው ይመክሩኛል። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ስለ ጠፋች እህቱ ወይም ልጁ የጻፈ ሰው ይኖር እንደሆን አያለሁ። እስከ ዛሬ ማንም አልጻፈም።

ስለዚህ እኔ ጻፍኩ። ወለተ ሥላሴ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት ነበራት። የግራ እጇ ትንሿ ጣት ታጥፋ የማትዘረጋ ናት። ስትመጣ ትልቅ ወንዝ እንደተሻገረች፣ እናቷም ስፌት የምትሰፋ እንደሆነች ነግራኛለች። ሌላ የማውቀው የለም።

መርዶ በመጽሔት አይነገርም፤ ወጉ አይደለም። ሌላ መንገድ ግን አላገኘሁም። ይህን የሚያነብ ሰው ካወቃት፣ እናቷ ብቻዋን ሳለች አያንብብላት። ሽማግሌ ይዞ በጎህ ይሂድ። ልጅዋ ስትሞት እጇን የያዘ ሰው እንደነበረ፣ እናት የፈተለችው ጋቢ ለብሳ እንደተቀበረች፣ ተዝካሯም እንደወጣ ይንገራት።